የእትዬ ሶልያና ጠያቂዎች

አስካለ አልጋዋን የምትለቀው ጎህ ሲቀድ ነው። አልጋው የእሷ ብቻ አይደለም፤ ሳቢያን ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ላይ በፈረቃ የተከራየችው ነው። ሌሊቱ የእሷ፣ ቀኑ ደግሞ በደረቅ ወደቡ ሌሊት የምትሠራ የአንዲት ሴት ነው። ያቺን ሴት በዓይኗ አይታት አታውቅም። የምታውቃት ትራሱ ላይ በሚቀር ፀጉሯና በቅባቷ ሽታ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ትራሱ ሥር የተረሳ የዝንጅብል ከረሜላ አግኝታ በልታዋለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሴትየዋን እንደ እህት ስታስባት ሰነበተች።

ድሬዳዋ በዚያን ዘመን የምትኖረው በጠዋትና በማታ ነው። ረፋድ ላይ የሙቀቱ ደወል ሲደወል ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ ቤት ያለው ቤቱ ይገባል። የሌለው፣ አስካለን የመሰለው፣ ለገሃር ካለው የጥላ አዳራሽ ገብቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ፀሐይዋ እስክትበርድ ይጠብቃል። አዳራሹ ውስጥ መተኛት ክልክል ነው። አንድ ሰው ካንቀላፋ ከጣሪያው የሚመጣ ድምፅ በስሙ ይጠራዋል። በጨዋ ደንብ ነው የሚጠራው፤ ግን እስኪነቃ ድረስ አይተወውም።

ቀድሞ እሷም ደረቅ ወደብ ነበረች። የጭነት መኪኖችን ወረፋ ታስይዝ ነበር። መኪኖቹ በራሳቸው ወረፋ መያዝ ሲችሉ ተሰናበተች፤ በስንብት ክፍያዋም የጀማሪ ቤት ገዥዎች ሥልጠና ገባች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ባለሀብቶች ባዋጡት ገንዘብ አንድ ቤት አፈላልጎ ማስገዛት፣ ከዚያም ለራሷ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው አንድ ክፍል ማግኘት። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

አሠልጣኙ በፈቃዱ የሚባል ሰው ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰውን በስሙ እየጠራ የሚያስተምር።

«ቤት ፈልጉ ያላችሁ ማነው?» አላቸው የመጀመሪያው ቀን። «ቤት ራሱን አይሸጥም። የሚሸጠው ሰው ነው። ሰው ደግሞ የሚሸጠው ሲላላ ነው። የላላ ሰው ፈልጉ።»

የላሉ ሰዎች ስም በየማለዳው በስልካቸው ይመጣላቸዋል። ጥቆማ ይሉታል። አንድ ስም፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ መስመር ምክንያት፦ ባሏ ሞቷል፤ ደረጃ መውጣት ከብዶታል፤ ወንድማማቾቹ ተኳርፈዋል። ይህን ማን ነገራችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሠልጣኝ አልነበረም። በየሰፈሩ መግቢያ ላይ ባለው ኬላ «ምን ጉዳይ አለዎት?» ሲባሉ ጥቆማውን ያሳያሉ፣ ኬላው ይከፈታል። ጥቆማ የሌለው፣ ዘመድም የሌለው ሰው በሰው ሰፈር ምንም ጉዳይ የለውም።

የመጀመሪያ ጥቆማዋ ገንደ ቆሬ የሚኖር አንድ መካኒክ ነበር። ምክንያቱ «ሚስቱ ልትለየው ነው» ይላል። አስካለ የተማረችውን ይዛ ሄደች፤ ፊቷን አሳዘነች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«በእንዲህ ያለ ጊዜ ብቻ መሆን ከባድ ነው» አለችው።

«በምን ዓይነት ጊዜ?» አለ ሰውየው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ሚስቱ ገና አልነገረችውም ነበር። ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ሰውየው አንዴ አስካለን፣ አንዴ ሚስቱን ተመለከተ። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፎ መቀመጫው ላይ አኖረና ወደ ውስጥ ገባ። አስካለ ይህን ለበፈቃዱ ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ቸኮልሽ» አላት። «ሦስት ቀን ቆይተሽ ብትሄጂ ቤቱ ያንቺ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የደረሷት ጥቆማዎች እየቀጠኑ ሄዱ። ምዝገባዋ የሚያበቃው መስከረም ሲጠባ ነው፤ እስከዚያ አንድ ቤት ካላስገዛች ከሥልጠናው ትወጣለች፣ የከፈለችውም ይቀራል። የእትዬ ሶልያና ጥቆማ የመጣው በዚህ መሃል ነው። «ከዚራ። ባለቤቷ አርፏል። ቤቱ ሰፍቶባታል።»

ሶልያና የሚለው ስም የአሮጊቶች ስም ከሆነ ቆይቷል፤ አስካለ የሚለው ደግሞ ተመልሶ የልጆች ስም ሆኗል። እትዬ ሶልያና በር ከፍተው ስሟን ሲሰሙ ሳቁ።

«አስካለ? የአያቴ ስም እኮ ነው! ግቢ፣ ግቢ፤ ፀሐይ ላይ አትቁሚ አቦ።»

ቤቱ የጥንት ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ። አስካለ ማንጎ ይዛ ነበር የሄደችው። የሥልጠናው ደንብ ስለ ቤቱ በመጀመሪያው ቀን አታንሡ ይላል፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም አታንሡ። መጀመሪያ አገልግሉ። ስለዚህ በረንዳውን ጠረገች፣ መጋረጃ አወረደች፣ የእትዬ ሶልያናን የእግር ጥፍር ቆረጠች። እሳቸው ቀዝቃዛ የሮቃ ጭማቂ አቀረቡላትና የራሳቸውን ታሪክ አወሩላት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጅቡቲው ባቡር ላይ በአስተናጋጅነት ነው።

«ሰው ሲንጫጫ ነው እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ» አሉ። «ሕፃን ሲያለቅስ፣ ነጋዴ ሲጨቃጨቅ። ባሌ ዝምተኛ ስለነበረ ስንት ዓመት ስጣላው ኖርኩ።»

ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ናታን ነው። እንዴት አደርሽ እማዬ፣ በላሽ ወይ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ሶልያና ለሁሉም አዎ አሉና ዘጉት።

«ደግ ልጅ አለዎት» አለች አስካለ።

«ናታን መሰለሽ? ናታን ከደወለ ዘመን ሆኖታል። ድምፁን ሰጥቶ በእሱ ፈንታ የሚደውልልኝ ማሽን ገዝቶልኝ ነው።» ብርጭቋቸውን አነሱ። «ልጄ ራሱ በላሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ይኼኛው ይሻላል።»

የሙቀቱ ደወል ሲደወል እትዬ ሶልያና ኮሪደሩ ላይ ያለውን ረጅም አግዳሚ አሳዩዋት። «ጋደም በይ። በዚህ ፀሐይ የት ትሄጃለሽ?» አስካለ ለወጉ ያህል ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ፀሐይዋ በርዳለች፣ ላይዋ ላይ ነጠላ ተደርቦላታል። ማንም ስሟን አልጠራም። ነጠላውን ስታጥፍ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባት።

«ማክሰኞና ዓርብ ነይ» አሏት ሲሸኟት። «ማክሰኞና ዓርብ ያንቺ ይሁን።»

ማክሰኞና ዓርብ የእሷ ሆነ። መጋቢት እንዲህ አለፈ። በፈቃዱ ሲጠይቃት እየላሉ ነው ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ስለ ቤቱ ማንሣት ካሰበችበት ቀን ያላሰበችበት ይበዛ ነበር። አሮጊቷን ፀጉራቸውን ታጥባቸዋለች፣ እሳቸው በባቡሩ ላይ ስለወለደች አንዲት ሶማሌ ሴት ይነግሯታል፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች። አንድ ዓርብ «እትዬ፣ እኔ እኮ እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት» አለቻቸው። ይህ ከሥልጠናው የመጣ አልነበረም። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

አንድ ረቡዕ ግን፣ በዚያው ሰፈር ሌላ ጥቆማ ከንቱ ሆኖባት ስትመለስ፣ በእትዬ ሶልያና ደጃፍ አለፈች። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ወጣት ቧንቧው ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት ቀና ብሎ።

«እትዬ ሶልያናን። አንተስ?»

ወጣቱ አያት። የያዘችውን ማንጎ አየ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ወላሂ፣ አንቺም ገዥ ነሽ። ስሚ እህቴ፣ ረቡዕ የኔ ነው።»

ሙክታር ይባላል። በሥልጠናው ከእሷ በፊት የገባ ነው። ሰኞ አንዲት ፀጉር ሠሪ እንደምትመጣ፣ ሐሙስ ሁለት ተማሪዎች እንደሚመጡ፣ ቅዳሜ አንድ ጡረተኛ ወታደር መጥቶ ዳማ እንደሚጫወት ነገራት። ሁሉም ገዥዎች ናቸው። ሁሉም አንድ ጥቆማ ነው የደረሳቸው። «እኔ ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለ ሙክታር ወደ ቧንቧው እየተመለሰ። «አይሸጡም፤ አውቀዋለሁ። ብቻ ይሄን ሳልጨርስ መተው ነውር መሰለኝ።»

እትዬ ሶልያና ድምፅ ሰምተው በረንዳው ላይ ወጡ። የአስካለን ፊት አይተው ነገሩ ገባቸው። ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ ወሰዷትና በሩን መለስ አደረጉት።

«ጠያቂ ሲቀንስብኝ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ?» አሉ ሳቅ እየተናነቃቸው። «ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ ‹ወይኔ ይሄ ቤት እንዴት ሰፋብኝ!› እላለሁ። ጮክ ብዬ ነው ታዲያ። አንዳንዴ ወገቤን እጨምርበታለሁ። በማግሥቱ አንድ ሰው በር ያንኳኳል። ማንጎ ይዞ።»

«ውሸትዎን ነው እንግዲህ» አለች አስካለ።

«ሰፍቶብኛል ማለቴ እውነት ነው። እሸጣለሁ ማለቱ ነው ውሸቱ፤ እሱን ደግሞ እኔ አላልኩም።» እጇን ያዙ። «ተናደድሽ እንዴ? አንቺ ለኔ ብለሽ ነው እንዴ የመጣሽው? አልመጣሽም። እኔ ግን አልተቀየምኩሽም። እናንተ ቤት ፈለጋችሁ፣ እኔ ሰው ፈለግሁ።»

አስካለ ሳቀች። እዚያ ቆማ ሳለች ነገሩ በእርግጥ አሳቃት። የተናደደችው ኬላውን አልፋ ብቻዋን ስትሆን ነው። መታለሉ አልነበረም ያናደዳት። ሰኞ የፀጉር ሠሪዋ ሆኖ፣ ሐሙስ የተማሪዎቹ ሆኖ፣ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ የእሷ መሆኑ ነው። ያ ነጠላ በየቀኑ ስንቱን ያለብሳል ብላ አሰበች።

ለበፈቃዱ ነገረችው። ለምን እንደነገረችው ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች። በፈቃዱ አልተገረመም።

«ሴትዮዋ ጎበዝ ናት» አለ። «እንዲህ ያሉ ይገጥማሉ። የሐሰት ጥቆማ ብለሽ አስታውቂ። ቤቱ ለሌሎቹ ይዘጋል። ያስታወቀ ገዥ ብቻውን ይቀራል፤ ደንቡ ነው።»

«እሳቸውስ ምን ይሆናሉ?»

«ምን ትሆናለች? ቤቷ ትቀመጣለቻ። ቤቷ አይደል?»

ያን ዕለት ቀትር ላይ በጥላ አዳራሹ ውስጥ በሁለት ላብ ባጠመቃቸው ሰዎች መሃል ተቀምጣ ነበር። ስልኳን አውጥታ ተመለከተችው፣ መልሳ ከተተችው። አንገቷ ዘንበል አለ። «አስካለ» አላት ጣሪያው። «አስካለ፣ እባክሽ ንቂ።» ነቃች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠራት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራት ስልኩን አወጣችና አስታወቀች። አንዲት ጣት መጫን ብቻ ነበር። የተለየ ነገር አልተሰማትም፤ ሙቀቱ እንደሆነ ሙቀት ነው።

በሳምንቱ ታይዋን ገበያ ሙክታርን አገኘችው። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ከዚራ ኬላው አላስገባኝ አለ» አላት። «ሁላችንንም። ሰውዬው ዳማውን ይዞ ሄዶ ተመለሰ። እኔስ ጥቆማው ይቅርብኝ፤ ቧንቧውን ፈትቼ ነው የተውኩት። ገብቼ ልግጠምላቸው ብል ምን ጉዳይ አለህ ይለኛል። ቧንቧ ብለው ዘመድ ነህ ወይ ይለኛል።» ከዚያ ዓይን ዓይኗን አያት። «አንቺስ ትገቢያለሽ?»

«እኔም አልገባሁም» አለች አስካለ። ይህ እውነት ነበር። በፈቃዱ ከልክሏታል። አሁን ከሄድሽ ሌሎቹን ትተኪያለሽ፣ ሴትዮዋም አትላላም፤ ተያት፣ ራሷ ትጥራሽ ብሏታል። ማክሰኞ ቀረች። ዓርብ ቀረች። ግንቦት ገባ፤ ወፍ ከዛፍ የሚረግፍበት ሙቀት መጣ። በየቀትሩ አዳራሹ ውስጥ ስትቀመጥ የእትዬ ሶልያና ኮሪደር ትዝ ይላታል፤ አግዳሚው ባዶውን እንደሆነ፣ እሷም እዚህ እንደምትጠራ። ሰኔ እስኪጋመስ ድረስ አልሄደችም።

የጠሯት እትዬ ሶልያና ናቸው። ስልኩ ላይ ድምፃቸው ስለሻከረ መጀመሪያ አላወቀቻቸውም።

«ነይ» አሉ። «ዛሬ ማክሰኞ አይደል?»

ሐሙስ ነበር። አስካለ አላረመቻቸውም።

ግቢው በኒም ቅጠል ተሸፍኗል። የተፈታው ቧንቧ ሥር ባልዲ ተደቅኗል። እትዬ ሶልያና ጥፍራቸው አድጎ፣ ፀጉራቸው ተንጨባሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሲናገሩ ቃሉ ቶሎ አይመጣላቸውም፤ ብዙ ጊዜ ያልተናገረ ሰው አፍ ነው።

«ብጮህ ብጮህ ማንም አልመጣ አለ» አሉ። «ወገቤን ብል፣ ወደቅሁ ብል። አንድ ቀን የእውነት ወደቅሁ። ናታን ደውሎ በላሽ ወይ አለኝ። ወድቄያለሁ አልኩት። ጎበዝ እማዬ፣ መድኃኒትሽንስ ዋጥሽ ወይ አለኝ።»

አስካለ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች።

«ያሳበቀብኝ ሙክታር ነው ብዬ ነበር» ቀጠሉ። «ዓመት ሙሉ ቆይቶ ሰልችቶት ነው ብዬ። ከዚያ ወታደሩ ነው አልኩ፤ ዳማ ስለምረታው። አንቺን አልጠረጠርኩም። አንቺ እዚህ ትተኚ ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ።

እትዬ ሶልያና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀድሞም እንዳወቁት ሰው። አልጮሁም፣ አልረገሙም። ቢረግሟት በተሻላት ነበር።

«አይሽጡት እትዬ» አለች አስካለ፣ እንባዋ እየወረደ። «እኔ በየቀኑ እመጣለሁ። ለቤቱ አይደለም፣ ሙት ለቤቱ አይደለም።»

«ስትመጪ እኔ ምን ብዬ ልመንሽ? በፊት ለምን እንደምትመጪ አውቅ ነበር፤ አላስቸገረኝም። አሁን ግን ባየሁሽ ቁጥር ግንቦት ነው ትዝ የሚለኝ።» ወደ ኒሙ ተመለከቱ። «መልካ ጀብዱ የአረጋውያን መኖሪያ አለ አሉ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ግን በኮሪደሩ ሰው ያልፋል። ሰው የማይመጣበት ቤት ለምኔ ነው? ውሰጂው።»

ሐምሌ ላይ ቤቱ ተሸጠ። በፈቃዱ በሠልጣኞቹ ፊት አስካለን አስነሥቶ አስጨበጨበላት። «ትዕግሥት ማለት ይህ ነው» አለ። አዲሶቹ ሠልጣኞች እንዴት እንዳደረገችው ሊጠይቋት ከበቧት፤ አንዲቷ አስካለ ፊት ላይ ያለውን አይታ ጥያቄዋን ዋጠች።

ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች ቤቱን በፈረቃ ለሚከራዩ አልጋዎች ከፋፈሉት። በረንዳው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ለቆርቆሮው ቦታ ኒሙ ተቆረጠ። የአስካለ ድርሻ ጥግ ላይ ያለች፣ ድሮ ጓዳ የነበረች ክፍል ሆነች። በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። አልጋዋ ሌሊትም ቀንም የእሷ ነው። በግድግዳው ማዶ የማታውቃቸው ሰዎች ፈረቃ ሲለዋወጡ ይሰማታል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ጫማውን ሲያወልቅ። ሙቀቱ ሲመጣ በሯን ቆልፋ ትጋደማለች፣ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ አንድ ማለዳ ወደ መልካ ጀብዱ ሄደች። ኬላው ላይ «ምን ጉዳይ አለዎት?» ተባለች። የምታሳየው ጥቆማ የለም። ዘመድ ነኝ ብላ ዋሸች፤ እትዬ ሶልያና በስልክ ተጠየቁ፤ ጥቂት ቆይቶ ኬላው ተከፈተ። ስላስገቧት ደስ አላት። እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል የሄደችው።

ኮሪደሩ ረጅምና ንጹሕ ነው። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ከየበሩ ውስጥ በስልክ የሚደውሉ ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደርህ፣ በላችሁ ወይ። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ከእሷ በቀር አልነበረም።

እትዬ ሶልያና መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው በሥርዓት ተሠርቷል፤ ማን እንደሠራቸው አልጠየቀችም። ፊት ለፊታቸው አንድ ወንበር አለ።

«እንዴት ነዎት እትዬ?» አለች አስካለ፣ በሩ ላይ ቆማ።

እትዬ ሶልያና ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ላይ ቁጣ የለም። ባቡር ላይ ትኬት እንደሚጠይቅ ሰው፣ በትሕትና፣ ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

«ምን ልትገዢ መጣሽ ልጄ? ምንም የቀረኝ የለም እኮ።»

«ምንም። ልጠይቅዎት ብቻ ነው የመጣሁት።»

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና ፊታቸውን ወደ ወንበሩ መለሱ።

«እንግዲያ ሌላ ቀን ነይ» አሏት። «ዛሬ ሰው አለኝ።»

አስካለ ወንበሩን አየችው። ባዶ ነው። በሩን ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችላቸውና በዚያ ረጅም ኮሪደር ተመለሰች።